ከሳንባ የደም መርጋት በኋላ ልብ ሲፈጥን መቼ እንፍራ?

ከሆስፒታል ከወጡ ሁለት ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። የደም ማቅጠኛውን በሰዓቱ ይወስዳሉ። ደረታቸውን ይወጋቸው የነበረው ጠፍቷል፤ ትንፋሹም ተሽሏል። ልባቸው ግን አልተረጋጋም። ቁጭ ብለው በደቂቃ 95 ጊዜ ይመታል። ገላቸውን ታጥበው ሲወጡ 120፣ አንድ ፎቅ ሲወጡ 135 ይሆናል። እጃቸው ላይ ያሰሩት ሰዓት ይህን ሁሉ እየቆጠረ ይነግራቸዋል። ከዚያ ጭንቀቱ ይመጣል፦ ደሙ እንደገና ረግቶ ይሆን? መድኃኒቱ አልሠራ ይሆን?

ሳንባቸው ላይ ደም ረግቶባቸው ከዳኑ ሰዎች ብዙዎቹ በዚህ ጥያቄ ያልፋሉ። ከሆስፒታል ሲወጡ ስለ መድኃኒቱ ይነገራቸዋል፣ ስለ መድማት ይነገራቸዋል። ስለ ልብ ምት ግን እምብዛም አይነገራቸውም። እኔ በዚህ ጽሑፍ ማሳየት የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በማገገም ላይ ያለ ሰው ሲንቀሳቀስ ልቡ ቢፈጥን አብዛኛውን ጊዜ አያስደነግጥም። ቁጭ ብሎ፣ አርፎ ሳለ የሚፈጥን፣ ቀን በቀን እየጨመረ የሚሄድ ወይም ሌላ ምልክት ይዞ የሚመጣ ምት ግን መታየት አለበት። ሁለቱን መለየት የቻለ ሰው ያለ ምክንያት ድንገተኛ ክፍል አይመላለስም፤ መሄድ ሲኖርበትም ቤት ተኝቶ አይጠብቅም።

መጀመሪያ ልብ ለምን እንደሚሮጥ እንይ። የሳንባ የደም መርጋት ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከእግር ነው። በባት ወይም በጭን ጥልቅ ደም ስር ውስጥ የረጋ ደም ተቆርጦ ይሄዳል። በልብ ቀኝ ክፍል አልፎ ወደ ሳንባ በሚወስዱት የደም ቧንቧዎች ውስጥ ይቀረቀራል። የልብ ቀኝ ክፍል ደግሞ ግድግዳው ስስ ነው። ሥራው ደምን እዚያው አጠገቡ ወዳለው ሳንባ መግፋት ስለሆነ የለመደው ዝቅተኛ ግፊት ነው። መንገዱ በድንገት ሲዘጋበት ይለጠጣል፣ ይደክማል። በአንድ ምት የሚገፋው ደምም ይቀንሳል።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ጤነኛ ልብ በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም ገፍቶ በደቂቃ 70 ጊዜ ቢመታ፣ በደቂቃ ወደ 5 ሊትር ይጠጋል። በአንድ ምት የሚገፋው ወደ 45 ሚሊ ሊትር ቢወርድ ያንኑ 5 ሊትር ለማድረስ 110 ጊዜ መምታት ይኖርበታል። ስለዚህ የልብ መፍጠን ራሱ በሽታው አይደለም። ሰውነት ጉድለቱን የሚሞላበት መንገድ ነው። በዚህ ላይ የኦክስጅን ማነስ፣ ሕመምና ፍርሃት ይጨመራሉ፤ እነሱም ምቱን ከፍ ያደርጉታል።

ሐኪሞችም ይህን ቁጥር የሚያዩት በዚሁ ምክንያት ነው። ደም ረግቷል ብሎ ለመጠርጠር በሚጠቀሙበት የታወቀ መለኪያ ከ100 በላይ የሆነ ምት ነጥብ አለው። በሽታው ከታወቀ በኋላ አደጋውን ለመመዘን ደግሞ 110 እና ከዚያ በላይ መሆኑ ይቆጠራል። እነዚህ ቁጥሮች ግን የተቀመጡት ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ ለምርመራው ጊዜ ነው። ከወር በኋላ ደረጃ ወጥቶ 120 የደረሰን ሰው በእነሱ መለካት አይቻልም። ኢንተርኔት ላይ አንብበው የሚደነግጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር መድኃኒቱ የሚሠራውን ነው። «ደም ማቅጠኛ» ስለምንለው የረጋውን ደም የሚያሟሟ ይመስለናል። ሄፓሪን፣ ዋርፋሪን፣ ሪቫሮክሳባንና አፒክሳባን ግን ይህን አያደርጉም። የረጋው እንዳያድግ፣ አዲስ እንዳይረጋ ያግዳሉ። ያለውን ቀስ በቀስ የሚያጸዳው ሰውነት ራሱ ነው፤ ይህም ሳምንታትና ወራት ይፈጃል። ሕክምናው ቢያንስ ሦስት ወር የሚሆነውም ለዚህ ነው። ሦስት ሳምንት የሞላው ሰው ገና መንገድ ላይ ነው። በብዙዎች ላይ የእረፍት ምት በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት እየወረደ ይመጣል። የእንቅስቃሴ ምት ግን ለመስተካከል ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

ለምን ይዘገያል? ሁሉም ሰው የሚጠረጥረው ያልሟሟ ደም መኖሩን ነው። እውነታው ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። በካናዳ 100 ሕመምተኞችን ለአንድ ዓመት የተከታተለና በ2017 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የታተመ ጥናት አለ። ከዓመት በኋላ ግማሽ ገደማ የሚሆኑት በእንቅስቃሴ ፈተና ላይ አቅማቸው ከሚጠበቀው በታች ነበር። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ሲፈልጉ በሳንባ ውስጥ የቀረ ደም ሊያስረዳው አልቻለም። የልብና የሳንባ ምርመራዎችም ልዩነቱን አላሳዩም። ያመዘነው ማብራሪያ የሰውነት አቅም መውረድ ነው። ሰው ሲታመም ይተኛል፣ ከዳነም በኋላ ፈርቶ ይቀመጣል። ያልተንቀሳቀሰ ጡንቻ ይሰንፋል፤ የሰነፈ ሰውነት ደግሞ ለትንሽ ሥራ ልብን አብዝቶ ያስመታል።

ይህ የእኛን ቤት በቀጥታ ይመለከታል። እኛ ሕመምተኛን የምንወደው በማስተኛት ነው። «አትነሺ፣ እኔ አመጣልሻለሁ» እንላለን። ጠያቂ ይመጣል፣ ሕመምተኛዋ ትራስ ተደግፋ ትቀመጣለች፣ ቀኑ በዚያው ይመሻል። «ከተንቀሳቀሰች ደሙ ይነሳባታል» የሚል ፍርሃትም አለ። ፍርሃቱ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ግን ልክ አይደለም። ሁኔታው የተረጋጋና የደም ማቅጠኛ የጀመረ ሰው ቶሎ ተነስቶ መራመዱ ጉዳት እንደሌለው የታወቀ ነው። እንዲያውም ረጅም ጊዜ መተኛት ራሱ ለደም መርጋት ያጋልጣል። ፍቅራችንን ማሳየት ከፈለግን አብረን ወጥተን በግቢው ውስጥ ወይም በሰፈሩ መንገድ ብንራመድ ይሻላል።

አጀማመሩ ቀስ ያለ ይሁን። ሜዳ መንገድ ላይ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ አሥር፣ ከዚያ ሃያ። እየሄዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር መቻል ጥሩ መለኪያ ነው። መናገር ካቃተ ቀስ ማለት ነው። የልብ ምቱ ከፍ ማለቱ ሳይሆን ቆም ሲሉ መውረዱ ይታይ። በእግር ጉዞ 125 የደረሰ ምት አርፈው ሲቀመጡ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እየወረደ ከመጣ ልብ ሥራዋን እየሠራች ነው። ካልወረደ፣ ወይም ትላንት በቀላሉ የሄዱትን መንገድ ዛሬ ሩቡን ብቻ ሄደው ከደከሙ ለሐኪም መንገር ይገባል።

አሁን ስለ ሰዓቱ። ዘመኑ ያመጣው ነገር ስለሆነ ጠጋ ብለን እንየው። የእጅ ሰዓቶቹ ምቱን የሚያውቁት አረንጓዴ ብርሃን በቆዳ ላይ አብርተው የደሙን እንቅስቃሴ በማየት ነው። ቁጭ ላለ ሰው በደንብ ይሠራሉ። እጅ ሲወዛወዝ፣ ማሰሪያው ሲላላ ወይም ብርድ ሲሆን ግን ይሳሳታሉ። አፕል ዎች ሰውየው ሳይንቀሳቀስ ለ10 ደቂቃ ያህል ምቱ ከ120 በላይ ሲሆን እንዲያስጠነቅቅ ተደርጎ ይመጣል። ይህ ጠቃሚ ነው። የማይጠቅመው በየአምስት ደቂቃው ሰዓት ማየት ነው። ያየ ሰው ይፈራል፤ ፍርሃት አድሬናሊን ያመጣል፤ ምቱ ይጨምራል፤ እንደገና ያያል። በዚህ አዙሪት ውስጥ ሌሊቱን የሚያሳልፉ ሰዎች አሉ።

እኔ የምመክረው ምት በቀን ሁለቴ መለካት ነው። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ አንዴ፣ ማታ ደግሞ አምስት ደቂቃ ቁጭ ካሉ በኋላ አንዴ። ሁለት ጣት በአውራ ጣት በኩል ባለው የእጅ አንጓ ላይ አድርጎ ሙሉ አንድ ደቂቃ መቁጠር። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ምቱ እኩል እኩል መሆኑንም ማስተዋል ነው፤ ሥርዓት አጥቶ የሚዘል ከሆነ ይህም መረጃ ነው። በደብተር ላይ ይጻፍ። የአዋቂ ሰው የእረፍት ምት ከ60 እስከ 100 ነው ይባላል፤ ግን የአንድ ቀን ቁጥር ብዙ አይናገርም። የሁለት ሳምንት ዝርዝር ይናገራል። 98፣ 96፣ 94፣ 90 እያለ የሚወርድ ሰው እየዳነ ነው። 82 የነበረው ወጥቶ 105 ላይ የተቀመጠ ሰው ምክንያቱ ይፈለግለት።

ጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ በተመለከተ ለእኛ ለጥቁሮች ማወቅ የሚገባን ነገር አለ። በአሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 እንዳሳዩት፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ብሎ ካነበበላቸው ጥቁር ሕመምተኞች ከአሥሩ ከአንድ በሚበልጡት ላይ ትክክለኛው የደም ኦክስጅን ከ88 በታች ነበር። በነጮቹ ላይ ይህ የሆነው ከ4 በመቶ ባነሱት ነው። ስለዚህ መሣሪያው «94 ነው፣ ደህና ነህ» ቢልም ትንፋሽ እያጠረ ከሆነ ትንፋሹን እመኑ። ሐኪም ፊትም ቢሆን ይህን መናገር ነውር የለውም።

ምቱ ሲጨምር አእምሯችን ወደ ሳንባው ይሮጣል። ብዙ ጊዜ ግን መልሱ ሌላ ቦታ ነው ያለው። የመጀመሪያውና ሊዘነጋ የማይገባው መድማት ነው። የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ቀስ እያለ በአንጀቱ ወይም በጨጓራው ሊደማና ሳያውቀው ደም ሊያንሰው ይችላል። ደም ሲያንስ ልብ ይፈጥናል። ሰገራ ጥቁር መሆኑን፣ የፊት መገርጣትን፣ ሲነሱ ማዞርን ልብ በሉ። ሴቶች ላይ የወር አበባው በጣም ሊበዛ ይችላል፤ በተለይ ሪቫሮክሳባን በሚወስዱት ላይ ይህ የታወቀ ነው። አፍሮ ዝም ማለት ደም ማነስ ድረስ ያደርሳል። አንድ የደም ምርመራ ነገሩን ይለየዋል።

እዚህ ላይ ከፋርማሲ በቀላሉ ስለሚገዙት ማስታገሻዎች መናገር አለብኝ። ጀርባዬን አመመኝ ብሎ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መግዛት እኛ ዘንድ እንደ ቀላል ይታያል። ከደም ማቅጠኛ ጋር ሲወሰዱ ግን የመድማትን አደጋ ይጨምራሉ። አስፕሪንም እንዲሁ። ለቀላል ሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ለብዙ ቀን ከተጠቀመበት ለሐኪሙ ይንገር።

ጾምም ሌላ ነገር ነው። ከነጋ ውሃ ያልቀመሰ ሰው የሰውነቱ ፈሳሽ ይቀንሳል፤ ልቡም ይፈጥናል። በዓቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ወይም በረመዳን እስከ ማታ የሚጾም ሰው ከሰዓት በኋላ ምቱ ቢጨምርበት አይገርምም። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ግን መድኃኒቱ ነው። የ15 እና የ20 ሚሊ ግራም ሪቫሮክሳባን ከምግብ ጋር ካልተወሰደ ሰውነት በደንብ አይቀበለውም። በመጀመሪያዎቹ 21 ቀናት ደግሞ በቀን ሁለቴ ነው የሚወሰደው። በባዶ ሆድ ጠዋት ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው መድኃኒቱን በሙሉ አላገኘም ማለት ነው። ይህ በእውነት አደጋ ነው። በሁለቱም ሃይማኖት የታመመ ሰው ከጾም የሚፈቀድለት ሥርዓት አለ። ከንስሐ አባት ወይም ከኢማም ጋር ተነጋግሮ፣ ሐኪሙንም ጠይቆ መወሰን ይቻላል። ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎችም ጾም ሲገባ የምግባቸው ዓይነት ይለወጣል። ጎመን በድንገት ሲበዛ የዋርፋሪን ኃይል ይቀንሳል። ጎመን አትብሉ ማለት አይደለም፤ መጠኑ አይዋዥቅ፣ የዋርፋሪኑ የደም ምርመራም በሰዓቱ ይደረግ።

ቡና አንድ ሲኒ ብዙ ሰው አይጎዳም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ የሚጨርስ ሰው ግን ልቡ ድው ድው ቢልበት ምክንያቱን ከዚያ ይጀምር። ጫት የልብ ምትንም የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፤ በማገገም ላይ ላለ ሰው ጨርሶ አይመከርም። እንቅርት ያለበት ወይም በቤተሰቡ ያለ ሰው የታይሮይድ ምርመራ ይጠይቅ። የታይሮይድ እጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ ልብ ተኝቶም ይፈጥናል። ትኩሳትና ኢንፌክሽንም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ እነዚህ ግን ቶሎ ይታወቃሉ።

ከባሕር ጠለል አካባቢ ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ ወገኖች ደግሞ ከፍታውን አይርሱ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን አየር ጋር ሲነጻጸር በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ጤነኛውም ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል። ሳንባው ገና በማገገም ላይ ያለ ሰው ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል። በዚህ ላይ ረጅሙ በረራ ራሱ ከአራት ሰዓት ሲያልፍ ለደም መርጋት ያጋልጣል። ጉዞው ሊቆይ የሚችል ከሆነ ቢቆይ ጥሩ ነው። ለቅሶ ሆኖ የማይቀር ከሆነ ግን ከመነሳት በፊት ሐኪም ይጠየቅ፤ መድኃኒቱም በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ይያዝ።

አንድ አጥብቄ የምለው ነገር አለ። ልብ ፈጠነ ተብሎ የእናት ወይም የጎረቤት ፕሮፕራኖሎል ወይም አቴኖሎል (የልብ ምትን የሚቀንሱ መድኃኒቶች) አይወሰድም። ከላይ ያልነውን ሂሳብ አስታውሱ። ልብ የፈጠነው ጉድለት ለመሙላት ከሆነ፣ ምቱን በግድ መቀነስ ወደ አንጎልና ወደ ኩላሊት የሚደርሰውን ደም መቀነስ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይህ ሰውን ሊጥል ይችላል። ከዚህም ሌላ መድኃኒቱ ምቱን ስለሚይዘው አደጋው ሲመጣ ምልክቱ ይደበቃል። በሐኪም የታዘዘለት ሰው ደግሞ በራሱ ፈቃድ በድንገት አያቁም።

ጭንቀቱን በተመለከተ ማንም ሰው እንዲያፍርበት አልፈልግም። ትንፋሽ አጥሮት ሞትን ያየ ሰው ልቡ ትንሽ ስትመታ መደንገጡ ተፈጥሯዊ ነው። ሌሊት ባንኖ መንቃት፣ ብቻ መሆን መፍራት፣ ሆስፒታሉን ሲያስቡ ላብ ማላብ በብዙዎች ላይ ይታያል። ይህም ሕክምና አለው። «ጭንቀት ነው» ተብሎ ወደ ቤት መሸኘት ግን ሌሎቹ ምክንያቶች ከታዩ በኋላ ነው መምጣት ያለበት።

መቼ ነው የማይጠበቀው? ቁጭ ብለው ምቱ ከ110 ወይም ከ120 በላይ ሆኖ ካልወረደ፣ ትንፋሽ በድንገት ካጠረ፣ ደረት ሲተነፍሱ ከወጋ፣ ራስን ከሳቱ ወይም ሊጥልዎት ከሆነ፣ ደም ካሳሉ፣ አንድ እግር አብጦ ካመመ፣ ወይም የሚደማ ነገር አልቆም ካለ ያኔውኑ መሄድ ነው። መድኃኒቱን ለጥቂት ቀን ያቋረጠ ሰው ላይ ደግሞ ጥርጣሬው የበለጠ ይጠንክር። ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አሜሪካ 911፣ እስራኤል 101፣ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998፣ አውሮፓ 112።

እዚያ ሲደርሱም በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። የቴኒስ ተጫዋቿ ሴሬና ዊልያምስ በ2011 ሳንባዋ ላይ ደም ረግቶባት ነበር። በ2017 ልጇን በቀዶ ሕክምና በወለደች ማግስት ትንፋሽ ሲያጥራት ምን እንደሆነ ወዲያው ጠረጠረች። ሲቲ ስካንና ሄፓሪን እንደሚያስፈልጋት ራሷ ተናገረች። መጀመሪያ እግሯን ነበር ያዩላት። በመጨረሻ ሲቲ ስካኑ ሲደረግ ሳንባዋ ላይ የረጋ ደም ተገኘ። የእኛም እናቶች ይህን ይወቁ። ከወሊድ በኋላ ያሉት ስድስት ሳምንታት ለደም መርጋት እጅግ የሚያጋልጡ ናቸው። አራስ ትንፋሽ አጠረኝ፣ ልቤ ይመታብኛል ስትል «ድካም ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም።

የመጨረሻው ነገር ብዙ ሰው የሚዘለው ቀጠሮ ነው። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ ሙሉ ግምገማ መደረግ አለበት፤ የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር የ2019 መመሪያም ይህንኑ ይላል። በጀርመን ከ1,000 በላይ ሕመምተኞችን የተከታተለ፣ በ2022 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በሁለት ዓመት ውስጥ 2.3 በመቶ የሚሆኑት ላይ የረጋው ደም ወደ ጠባሳ ተለውጦ በሳንባ የደም ቧንቧዎች ውስጥ ቋሚ ከፍተኛ ግፊት ፈጥሯል። ቁጥሩ ትንሽ ነው። ያልታወቀበት ሰው ግን የልቡ ቀኝ ክፍል ቀስ እያለ ይደክማል። ሦስት ወር መድኃኒት ወስዶ አሁንም ትንሽ ሲሄድ ልቡ የሚሮጥና ትንፋሹ የሚያጥር ሰው «ጊዜ ስጠው» መባል የለበትም። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይነሳ፤ ኢኮው የቀኝ ልብ ጫና ካሳየ የሳንባን የአየርና የደም ስርጭት የሚያሳየው ምርመራ ይከተል። ለዚህ ዓይነቱ ሕመም ጠባሳውን ከቧንቧው አውጥቶ የሚያጸዳ ቀዶ ሕክምና አለ፣ በፊኛ ማስፋትም አለ፣ መድኃኒትም አለ። በቀጠሮው ቀን የጠዋትና የማታ ምት የተጻፈበትን ደብተር ይዛችሁ ግቡ፤ ደም ማቅጠኛውን መቀጠል ወይም ማቆም የሚወሰነውም በዚያው ቀን ስለሆነ ሐኪሙ ሳይነግራችሁ በራሳችሁ አታቁሙ።